አለሁ ባይ

ደጀን የደሞዜን አሟሟት የሚያወራው ንፍሮ እየቃመ ነበር። ከእፍኙ ወደ አፉ ወርወር ያደርጋል፣ ሁለት ሦስቴ ያላምጣል፣ ከዚያ ወሬውን ይቀጥላል። አንዲት የስንዴ ልጣጭ ታችኛው ከንፈሩ ላይ ተለጥፋ ከቃላቱ ጋር ትነሳለች፣ ትወድቃለች። አለምወርቅ ከተቀመጠችበት ፍራሽ ላይ ሆና ያችን ልጣጭ ታያለች። ወንድሟን ትናንት ቀብራ ዛሬ ስለ ስንዴ ልጣጭ ማሰቧ ለራሷም አስጠላት፤ ዓይኗ ግን አልነሳ አላት።

«እንግዲህ ምን ይባላል» አለ ደጀን፣ ገና ገብተው ወንበር ወደያዙት ለቅሶ ደራሾች ዞሮ። «ተፈጥሮን እንደወደደ ተፈጥሮ ወሰደችው።»

ለቅሶ ደራሾቹ ከንፈራቸውን መጠጡ።

ይህችን አባባል አለምወርቅ ከቀብሩ ጀምሮ ስትሰማት ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ በድምፅ ማጉያ ተነገረች፤ ድንኳኑ ውስጥ ደግሞ ሰው በገባ ቁጥር ትደገማለች። ሰውየው ጥሩ አባባል የወጣለት መስሎታል፤ ስለዚህ የገባው ሁሉ ሳይሰማት እንዲወጣ አይፈልግም። ደጀን በከተማው የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ፣ የሠፈራቸው ዕድርም አባል ነው፤ «አደይ ተጓዦች» የሚባለው የእግር ጉዞ ማኅበርም ሊቀመንበር ነው። ደሞዜ የማኅበሩ መንገድ መሪ ነበር። በሥራ ቀን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መምህር፣ እሁድ ሲመጣ ደግሞ ከደብረ ታቦር የሚወጣውን ተጓዥ ሁሉ ከፊት ሆኖ ደን ለደን የሚያዞር። ባለፈው እሁድ፣ መስቀል በዋለ ሳምንት፣ ሰዎቹን ይዞ ወደ አለም ሳጋ ደን ወጣ። ሰዎቹ ተመለሱ። እሱን በማግስቱ ከገደል ሥር አነሱት።

የማኅበሩ አባላት ባንድ ቀን አረንጓዴ ከናቴራ አሠርተው፣ ለብሰው መጥተዋል። ደረቱ ላይ የደሞዜ ፎቶ አለ። የቀለሙ ሽታ ገና አልለቀቀም፤ በድንኳኑ ሙቀት ከሽቶና ከካልሲ ሽታ ጋር ተደባልቆ ይሰነፍጣል። የደጀን ከናቴራ ሆዱ ላይ ስለተወጠረ፣ ደሞዜ እዚያ ላይ ጉንጩ አብጦ፣ አፉ ተለጥጦ ይስቃል። በሕይወቱ እንደዚያ ስቆ አያውቅም። አለምወርቅ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ሳበች።

«አይዞሽ፣ አይዞሽ የኔ እናት» አሏት ከጎኗ የተቀመጡት አክስቷ፣ እቴቴ ትእዛዝ። «አልቅሽ፣ ይውጣልሽ።»

«አላለቀስኩም እቴቴ» አለች። «ሊያስታውከኝ ነው።»

ከኋላዋ ሁለት ሴቶች ያንሾካሽካሉ። ለቅሶ ቤት የሚያንሾካሽክ ሰው የባለሐዘኑ ጆሮም አብሮ የተቀበረ ይመስለዋል።

«መንገድ መሪው መንገድ ጠፋበት አሉ እኮ!»

«ኧረ ተይ!»

«ሙች ስልሽ! የወዳደቀ ፕላስቲክ ልልቀም ብሎ ተመልሶ ሲገባ፣ ጉሙ ወርዶ መግቢያ መውጫው ጠፋው። ሌላው ሰውማ ቀድሞ መኪና ላይ ወጥቷል።»

«አስተማሪ አይደል እንዴ? ያውም ጂኦግራፊ!»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ።»

ሁለቱም ሳል አስመስለው ሳቃቸውን ዋጡት።

ከሞቱ አሟሟቱ ይላል ያገሬው ሰው። አለምወርቅ ሞቱን ቀስ እያለች የምትችለው ይመስላታል፤ እናታቸው ከሞቱ ጀምሮ ሁለቱ ባንድ ቤት የኖሩ፣ ከአክስታቸው በቀር ሌላ ሰው የሌላቸው ቢሆኑም፣ ሞት ለማንም አይቀርምና ትችለዋለች። አሟሟቱን ግን አልቻለችውም። አለም ሳጋን ደሞዜ ከልጅነቱ ጀምሮ እንደ ቤቱ ጓዳ ያውቀዋል። ጉም ቢወርድ፣ ቢጨልም፣ የትኛው ጥድ ሥር የትኛው ድንጋይ እንዳለ በእግሩ ዳስሶ የሚያውቅ ሰው ነው። ነገ ሣልስቱ ነው። ድንኳኑ ይነሳል፣ ሰው ወደ ሥራው ይበተናል፣ ወሬው እንዳለ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ ማን ሰብስቦ ያርመዋል? ተማሪዎቹ ሳይቀሩ «መንገድ የጠፋበት መንገድ መሪ» እያሉ ሲቀልዱበት ይኖራሉ። ድንኳኑ ሳይነሳ፣ ይህ ሁሉ ሰው ተቀምጦ ሳለ፣ ደሞዜ ለምን ወደ ደኑ እንደተመለሰ አንድ ሰው ተነስቶ እውነቱን እንዲናገር ፈለገች። ሌላ የምትፈልገው ነገር አልነበረም።

ማታ ላይ ሰው ሳሳ ሲል ምናለን ወደ ፍራሿ ጠራችው። ምናለ ደጀን ሥር የሚሠራ ትሑት፣ ዝምተኛ ሰው ነው፤ የሠፈራቸው ልጅም ነው። በጉዞ ላይ ከሰልፉ መጨረሻ የሚሄደው፣ ተጓዦቹ «ጭራ» የሚሉት እሱ ስለሆነ፣ ደሞዜን መጨረሻ ያየውም እሱ ነው።

«ምን ብሎህ ተመለሰ?» አለችው።

«ምንም። ሂዱ፣ እኔ በባጃጅ እደርሳለሁ አለን።» ዓይኑን ከሰሌኑ ላይ አላነሳም።

«ለምን ተመለሰ?»

«እንጃ… ፕላስቲክ ሳይሆን አይቀርም። ሰው የጣለውን ሲለቅም ታውቂው የለ?»

«ሁላችሁም ተሟልታችሁ ነበር?»

«ሁላችንም! ስም ጠርቶ፣ ሁላችንም አለን ብለናል።»

በእጁ የያዘው የፕላስቲክ ኩባያ ዘንበል ብሎ ቡናው ከናቴራው ላይ ፈሰሰ። ደሞዜ ግንባሩ ላይ ቡና ፈሰሰበት። ምናለ ደንግጦ በእጁ ጠረገው፤ ባሰበት። አለምወርቅ ፊቷን አዞረች።

«አለን» የሚለው ቃል ግን ከጆሮዋ አልወጣ አለ። ደሞዜ «አለን» አይቀበልም ነበር።

ያወቀችው ጣና ዳር ነው። አንድ ዓመት መስከረም ላይ ለምኖ፣ አግባብቶ፣ ተቆጥቶ ከተጓዦቹ ጋር ወደ ቆራጣ ወስዷት ነበር። እሷ ከቤት ቢሮ፣ ከቢሮ ገበያ እንጂ ያለ ጉዳይ እግሯን አንስታ አታውቅም። ሰው ጤነኛ ሆኖ፣ ምንም ሳይጠፋበት፣ ማንም ሳይሞትበት፣ ለምን ጭቃ ለጭቃ ይሄዳል? እሱ ግን በዚያ ቀን የሠርጉ ቀን የደረሰ ይመስል ነበር። ሐይቁ ሞልቶ ደንገሉን እስከ አንገቱ ውጦታል፤ ከዳር ያለው ሜዳ በአደይ ቢጫ ሆኗል፤ ጫካው ገና ከክረምቱ ውሃ አልተራገፈም፤ ከቅጠል ቅጠል ይንጠባጠባል። ደሞዜ ከፊት ሆኖ አንዴ ወፍ ያሳያቸዋል፣ አንዴ የጉማሬ ዱካ። እሷ ጫማዋን ታያለች።

በየጊዜው ሰልፉን ያቆምና ስም ይጠራል። የተጠራው «አለሁ!» ይላል። ማለቱ ብቻውን አይበቃም፤ እጁን ከፍ አድርጎ ማውጣት አለበት። ደሞዜ የሰውየውን ፊት ሳያይ ወደሚቀጥለው ስም አያልፍም። ተጓዦቹ ሰልችቷቸው ባንድ አፍ «አለን!» ሲሉት ተቆጣ።

«አለን የሰላምታ ነው» አላቸው። «እንዴት ናችሁ አላልኳችሁም። አንድ ባንድ አለሁ በሉኝ።»

አለምወርቅን ቀልድ አማራት። አንድ ትልቅ ሾላ ሥር ተሸሸገችና ስሟ ሲጠራ ዝም አለች። ከፊት ጫጫታው ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ደሞዜ ያን ሁሉ ጭቃ እየሮጠ ተመለሰ። ሲያገኛት አልሳቀም፤ አልተቆጣምም። ከንፈሩ ነጥቶ ነበር።

«እታለም» አላት። እንዲህ ነበር የሚጠራት። «አንድ ሰው ጎድሎ ሌላው መሄድ ይችላል ብለሽ ነው?»

«ቀልድ አታውቅም እንዴ?»

«በዚህ አላውቅም።»

እስከ ቤታቸው ድረስ አኮረፈችው። ያን ያህል መንገድ ሄዳ የታዘበችው ነገር ቢኖር፣ ወንድሟ ደረቅ መሆኑን ብቻ ነበር።

በሣልስቱ ቀን ረፋድ ላይ፣ ተዝካር ይሁን ቁርባን ሲባል፣ እዝን ያመጡ ጎረቤቶች ሲገቡና ሲወጡ፣ ከድንኳኑ ደጅ የሽማግሌ ጩኸት ተሰማ። «ወይኔ ልጄን! ወይኔ ልጄን!» እያሉ ዱላቸውን መሬት ላይ እየወጉ የገቡት አያ ጌጡ ነበሩ። የእርሻ ማሳቸው ከአለም ሳጋ ደን ጫፍ ነው። የኮንጎ ጫማቸው በጭቃ ተለውሷል፤ ከደን እስከ ከተማ በእግራቸው መምጣታቸው ያስታውቃል። አለምወርቅ አይታቸው አታውቅም። ስማቸውን ግን በደንብ ታውቀዋለች፤ ደሞዜ ማታ ማታ እራት ሲበላ ሲያወራላት የኖረ ስም ነው።

አያ ጌጡ እነዚያን ከተሜዎች ተሰልፈው ባዩ ቁጥር «ምን ጠፍቷችሁ ነው?» ይሉ ነበር። ለገበሬ፣ በዚያ ደን ውስጥ ግራ ቀኝ እያየ የሚሄድ ሰው ወይ በሬ ጠፍቶታል፣ ወይ በቅሎ ጠፍታዋለች። ደሞዜ በሄደ ቁጥር አዲስ መልስ ይዞ ይሄዳል። አንድ ቀን «ጤና ጠፍቶን ነው፣ አያ ጌጡ» ይላቸዋል። አንድ ቀን «እንቅልፍ ጠፍቶን ነው»፣ አንድ ቀን ደግሞ «ደመወዛችን ጠፍቶ ነው፤ አላዩም?» ይላቸዋል። ሽማግሌው ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ደሞዜ ቤት ሲመጣ ለሚቀጥለው ጊዜ የሚለውን ከወዲሁ ያስብ ነበር።

የአያ ጌጡ እንባ ጋብ ሲል ደጀን ከወንበሩ ጎንበስ አለላቸው።

«አይዞዎት አባት። ምን ይደረግ! ተፈጥሮን እንደወደደ ተፈጥሮ ወሰደችው።»

«ማን ናት እሷ?» አሉ አያ ጌጡ።

«እ?»

«ወሰደችው ያልካት ሴትዮ።»

አንዱ ጥግ የሆነ ሰው ሳቅ አመለጠው። ደጀን ጉሮሮውን ጠረገ። «ማለቴ… ደኑ። ገደሉ።»

«ደኑማ ምን አድርጎት!» አሉ ሽማግሌው። «እሱ እኮ ሰው ፍለጋ ገብቶ ነው።»

አለምወርቅ ከፍራሿ ላይ ተነስታ በጉልበቷ ቆመች።

«አያ ጌጡ፣ አግኝተውት ነበር?»

«አንች እኅቱ ነሽ? አገኘሁት እንጂ፣ ልጄ! ሊመሽ ሲል፣ ጉሙ እየወረደ ሳለ፣ ቁልቁል ሲሮጥ መጣ። እኔም እንደ ወትሮዬ ዛሬስ ምን ጠፋህ? አልኩት። እንደ ወትሮው ይስቃል ስል አልሳቀም። ‹ዛሬስ እውነትም ሰው ጠፋኝ፣ አያ ጌጡ› አለኝ።»

«ማን?»

«ማን እንደሁ አላልኩት። ጉሙን አታየውም ወይ፣ ተው ይቅርብህ፣ ሲነጋ እንፈልገዋለን አልኩት። ‹ሰዎቹ አለ ብለውኛል፣ እኔ ግን ፊቱን አላየሁትም፤ ሳላየው አልሄድም› ብሎኝ ገባ። ሲጣራ እሰማው ነበር። ስሙን ልለየው አልቻልኩም፤ ጉም ድምፅ ይውጣል። ኋላ ዝም ሲል ጊዜ፣ አገኘው መሰለኝ።» ሽማግሌው ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ። «አገኘው ብዬ ገብቼ ተኛሁ፣ ልጄ! በማግስቱ በጧት አማቾቼ ዘንድ ሄድኩ፤ መርዶውን የሰማሁት ትናንት ማታ ስመለስ ነው።»

«አባት፣ ተሳስተዋል» አለ ደጀን። ድምፁ ስብሰባ ላይ የሚናገርበት ድምፅ ነበር። «ሁላችንም ተሟልተን ነበር። ማንም የጠፋ ሰው አልነበረም። ሽማግሌ ናቸው፣ ቀኑ ተቀላቅሎባቸው ይሆናል።»

«ቀን የሚቀላቀልበት እንደናንተ ሥራ የፈታ ነው» አሉ አያ ጌጡ።

ለቅሶ ደራሹ እርስ በርሱ ተያየ፤ ከዚያም እንደ ልማዱ ወደ ተራ ወሬው ተመለሰ። የደጀን ስልክ ጮኸ፤ ወይም የጮኸ አስመሰለና እያናገረ ወጣ። አለምወርቅ ምናለን አየችው። ምናለ ከወንበሩ ላይ ኩርምት ብሎ የከናቴራውን ጫፍ ይጠመዝዛል፤ አረንጓዴው በላብ ጠቁሯል። ቁጣው አሁን መጣላት። ቁጣ ብቻም አይደለም፤ እንደ ከረመ ወጥ ከሆዷ የሚወጣ አንዳች ጥላቻ ነው፤ በሽቶው፣ በከናቴራው፣ በተመጠጠው ከንፈር ሁሉ ላይ። ነገር ግን ምን ይዛ ትነሳ? ሁሉም «አለን» ብለዋል። የአንድ ሽማግሌ ቃል በዚህ ሁሉ «አለን» ላይ ምን ያህል ይቆማል?

ድንኳኑ ከመነሳቱ በፊት የዕድሩ ለፋፊ አስናቀ መሐል ላይ ቆመ። የሠፈሩ ዕድር በቀብር ቀንና በሣልስት ስም ይጠራል፤ ያልተገኘ ይቀጣል። አስናቀ ወረቀት አይዝም። የአባላቱን ስም ከአባቱ በወረሰው ቅደም ተከተል እንደ ዳዊት በቃሉ ይወርደዋል።

ስለ ቅጣቱ ሲባል ሠፈሩ አንድ ደግነት ፈጥሯል። ያልመጣ ጎረቤት ስሙ ሲጠራ፣ ከመጣው አንዱ «አለ!» ይልለታል። ይህ ውሸት ተብሎ አይቆጠርም፤ ጉርብትና ነው። «አለ» የሚልለት የሌለው ሰው፣ ጎረቤት የለውም ማለት ነው። አለምወርቅ አንድ ጊዜ ጥርሷን አሟት ደሞዜን ወደ አንድ ለቅሶ ስትልከው፣ «ስሜ ሲጠራ አለች በልልኝ» አለችው። ተመልሶ ሲመጣ ጫማውን እያወለቀ፣ «አላልኩም» አላት።

«ምን አላልክም?»

«አለች አላልኩም። የለሽም ነበራ።»

ተቀጣች። ቅጣቱን ረስታዋለች፤ ሳቁን ግን አልረሳችውም። «የገዛ ወንድሟ የለችም አለ» እያለ ሠፈሩ ስንት ጊዜ ሳቀባት! «አንተ እኮ ይሉኝታ አልፈጠረብህም» ብላ ጮኸችበት።

«ያላየሁትን ሰው አለ አልልም፣ እታለም» ነበር መልሱ። «ዛሬ ድንኳን ውስጥ ነው፤ ምንም አይደል። ነገ ግን ሌላ ቦታ ነው። አፍ ይለምዳል።»

ያን ጊዜ የጥርሷ ሕመም ይሁን የእሱ ድርቅና የበለጠ እንዳናደዳት አታውቅም።

«ታደሰ!» አለ አስናቀ።

«አለሁ!»

«ደረጄ!»

«አለሁ!»

«ደጀን!»

«አለ!»

ድምፁ የምናለ ነበር። አንገቱን ደፍቶ፣ ሳያስበው፣ ሰው ሲያስነጥስ «ይማርህ» እንደሚባለው ነው ያለው። አስናቀ ወደሚቀጥለው ስም አፉን ከፈተ። አለምወርቅ የደጀንን ወንበር አየች። ባዶ ነው። ከሥሩ የተረገጠ የንፍሮ ልጣጭ ብቻ አለ።

«የት አለ?» አለች።

አስናቀ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ባለሐዘን በስም ጥሪ መሐል ተናግራ አታውቅም።

«አሁን… ስልክ ሊያናግር ወጣ ብሎ ነው» አለ ምናለ።

«እሁድስ?»

ምናለ ቀና አለ። ፊቱ ላይ የነበረው ደም ሁሉ ሲወርድ ታየ።

«እሁድስ የት ነበር፣ ምናለ? ወንድሜ ስም ሲጠራ ማን ነው ለማን አለ ያለው?»

«ኧረ በለቅሶ ቤት!» አለ አንድ ሰው። «ቆይ ይደረስበታል፣ ነውር ነው…»

«ዝም በል አንተ!» አሉ እቴቴ ትእዛዝ። «ነውሩ እስኪወጣ ድረስ ዝም በል!»

ምናለ ከወንበሩ ላይ ተንሸራቶ ሰሌኑ ላይ ቁጭ አለ። ሲናገር ለአለምወርቅ ሳይሆን ለጉልበቱ የሚናገር ይመስል ነበር።

«ደጀን ከመጨረሻው ጥሪ ቀደም ብሎ በአቋራጭ ወደ አስፋልቱ ወጣ። እንግዶች አሉብኝ፣ ጥሬ ሥጋ ተቀጥሮብኛል፣ ደሞዜ ከሰማ ያካብዳል አለኝ። ስሜን ሲጠራ አለ በልልኝ አለኝ። ማታ ጉም ውስጥ ቆመን ሲጠራ… አለ አልኩ። ደሞዜ ድምፄን ለየው። ‹ፊቱን አሳየኝ› አለ። ከኋላ ነው፣ እየመጣ ነው አልኩት። ደወለለት፤ ስልኩ ዝግ ነው። ሌሎቹን ሂዱ አላቸው። በሁለት መኪና ነበርን፤ ሰዉ ደጀን እዚያኛው ላይ ነው ብሎ አሰበ።»

«አንተስ?» አለች አለምወርቅ። «አንተማ ሥጋ ቤት መሆኑን ታውቃለህ።»

«አፈርኩ። አለ ብዬ መልሼ የለም ማለት… ደግሞም አለቃዬ ነው። ሲያጣው ይመለሳል ብዬ ነው። በእግዚአብሔር፣ ሲያጣው ይመለሳል ብዬ ነው!» እንባው ንፍጡን አስከትሎ ወረደ። «አስከሬኑ የተነሳ ዕለት ማታ ደጀን ደወለና ዝም በል አለኝ። ለሞተ ሰው ምን ይጨምርለታል አለኝ።»

አለምወርቅ አላዘነችለትም። ሊሰማት የሚገባው ርኅራኄ እንዳለ ታውቃለች፤ ፈልጋ አጣችው። ወንድሟ በጉም ውስጥ፣ በማያየው ገደል አፋፍ ላይ «ደጀን! ደጀን!» እያለ ሲጣራ፣ ደጀን አዋዜ ያጠቅስ ነበር።

የድንኳኑ መጋረጃ ተገለጠ፤ ደጀን ስልኩን ኪሱ እየከተተ ገባ። ይህ ሁሉ ሰው ወደሱ መዞሩን አይቶ ቆመ።

«ምነው? ምን ተፈጠረ?»

«ይኸው» አሉ አያ ጌጡ፣ ዱላቸውን ወደሱ ቀስረው። «የጠፋው ሰው ተገኘ።»

ደጀን ሰሌኑ ላይ የተቀመጠውን ምናለን አየ። ሁሉም ገባው። ወደ አለምወርቅ መጣና እጇን ሊይዝ ተንበረከከ። ሽቶው ቀድሞት ደረሰ። «እህቴ፣ እኔ እኮ እሱ ይመለሳል ብዬ አላሰብኩም… ማን ያንን ያስባል? አለ ከተባለ አይሄድም እንዴ ሰው?»

እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

«አውልቀው» አለችው።

«ምኑን?»

«ከናቴራውን። ወንድሜን ከሆድህ ላይ አውርደው።»

ለመሳቅ ሞከረ። ግራ ቀኝ አየ፤ ስንት ጊዜ ከንፈር ሲመጥለት የነበረው ሰው ሁሉ ሰሌን ሰሌኑን ያያል። እቴቴ ትእዛዝ እጃቸውን ዘርግተው ጠበቁት። ደጀን ከናቴራውን ወደ ላይ ሳበ፤ አንገቱ ላይ ተጣብቆበት ትንሽ ታገለው፤ አወለቀ። እቴቴ አራግፈው ፎቶውን ወደ ውስጥ አጠፉትና ከጎናቸው አኖሩት። ደጀን በላብ ገላው ላይ በተጣበቀ የውስጥ ልብሱ ወጣ። ማንም አልሸኘውም።

አለምወርቅ ደስ ይለኛል ብላ አስባ ነበር። ምንም ደስ አላላትም። ከኋላዋ የነበሩት ሁለት ሴቶች አሁን ከአንጀታቸው ያለቅሳሉ፤ «ወይ ደሞዜ፣ ሰው ፍለጋ!» ይላሉ። ነገ ገበያው ሁሉ እንደዚህ እንደሚል ታውቃለች። የፈለገችውን አግኝታለች፤ መንገድ አልጠፋበትም። ወንድሟ ግን ሥጋ ቤት የተቀመጠ ሰው ሲፈልግ ነው የሞተው፣ ይህንንም ከእንግዲህ ተሸክማ ትኖራለች።

አስናቀ ገና መሐል ላይ እንደቆመ ነው። ስም ጥሪው ተቋርጦበታል፤ አቋርጦ መቀመጥ ደግሞ አያውቅበትም። ባርኔጣውን አውልቆ እንደገና አጠለቀ።

«ከመጀመሪያው እጀምራለሁ» አለ። «ሁሉም በገዛ አፉ።»

ጀመረ። ሌላ ጊዜ «አለ» የሚባልላቸው ስሞች አሁን መልስ አጡ፤ ከተቀመጡት ይልቅ ያልመጡት በዙ። አስናቀ አልተቆጣም። ዝም የተባለበትን ስም ትንሽ ጠብቆ ያልፋል። ታደሰ አለሁ አለ። ደረጄ አለሁ አለ። ደጀን ተብሎ ተጠራ፤ ማንም አልመለሰም። አስናቀ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ምላሱ እንደለመደው፣ ከደጀን ቀጥሎ ወዳለው ስም ወረደ።

«ደሞዜ!»

ብሎ ዓይኑን ገለጠ፤ እጁን አፉ ላይ አደረገ። እቴቴ ትእዛዝ «ወይኔ!» ብለው ደረታቸውን መቱ። ለጎደለ ሁሉ አለ ሲል የኖረ ሠፈር ነው፤ ለዚህኛው ግን አንድም አፍ አልተከፈተም።

አለምወርቅ ከፍራሿ ላይ ተነሳች። ነጠላዋን ከፊቷ ላይ ገፋ አደረገች፤ እጇን ከፍ አድርጋ፣ መዳፏን ዘርግታ አወጣች።

«የለም» አለች።

አስናቀ ፊቷን አየ። ከዚያ ወደሚቀጥለው ስም አለፈ።